አምራቹ አንተ ነህ

አንዳንድ ንግግር ሲሰሙት ተራ ነው። ስልኩ ተዘግቶ፣ ራት ተበልቶ፣ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ነው መቆርቆር የሚጀምረው። ባለፈው ዓመት ብርዱ ሊገባ ሲል እንዲህ ያለ ነገር ገጠመኝ። ጋራዤ ውስጥ የምሠራትን ትንሽ አውሮፕላን ኪት፣ ማለትም በሳጥን የሚመጣውን መገጣጠሚያ ዕቃ፣ ወደሸጠልኝ ድርጅት ደውዬ ነበር። ጥያቄዬ ስለ ሞተር ነበር። ስልኩን ያነሳው ሰው በድምፁ ዕድሜው የገፋ ነው። ረጋ ብሎ አዳመጠኝ፣ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። በመጨረሻ ግን እንዲህ አለኝ፦ «እኛ አንመክርህም። አትችልም ልልህ ግን አልችልም። አምራቹ አንተ ነህ።»

ማሾፉ አልነበረም። መቆጣቱም አልነበረም። ሕጉን ነው የነገረኝ። አሜሪካ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነውን ሥራ አንድ አማተር ለመማሪያው ወይም ለመዝናኛው ብሎ ከሠራው፣ በሕግ ፊት የአውሮፕላኑ አምራች ያ ሰው ነው። ሳጥኑን የላከለት ድርጅት ዕቃ ሻጭ ነው። እዚህ አገር «የ51 በመቶ ሕግ» ይሉታል። ኪቱን ከማዘዜ በፊትም አውቀው ነበር። ፈተና ላይ ቢመጣ እመልሰዋለሁ። ማወቅ ሌላ፣ አንድ ሰው በስልክ «አንተ ነህ» ሲልህ መስማት ሌላ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። የአውሮፕላን መካኒክ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት ቦሌ ነው። አሁን እንጀራዬን የምበላው ዴንቨር አየር ማረፊያ ነው። ፀጉሬ የሸበተው ሃንጋር፣ የአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ፣ ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሃንጋር ውስጥ ደግሞ ሕይወት ማለት ማንዋል ነው። ብሎን ስትፈታ ማንዋል። ስትገጥም ማንዋል። ምን ያህል እንደምታጠብቀው ማንዋል። ጨርሰህ ስትፈርም የማንዋሉን ምዕራፍና ቁጥር ጠቅሰህ ነው። «እኔ እንኳ እንዲህ ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ» ብሎ ነገር የለም። ፊርማዬ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ የተጻፈውን አድርጌያለሁ። የጻፈውን ኢንጂነር አላውቀውም። ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ የሚወስደኝ ግን እሱን ተማምኜ ነው።

እንግዲህ «አምራቹ አንተ ነህ» ሲባል ያ የማላውቀው ሰው ሥራ ለቀቀ ማለት ነው። ወንበሩ ላይ እኔ ተቀመጥኩ።

## ጋራዥ ውስጥ

ጋራዡ ሁለት መኪና የሚያቆም ነው። መኪኖቻችን ግን ያን ሁሉ ጊዜ ያደሩት ውጭ፣ በረዶ ላይ ነው። በአንደኛው ግድግዳ የቀኝ ክንፍ፣ በሌላው የግራ ክንፍ፣ መሃል ላይ ገላው። ልብስ ማጠቢያው ጋ ለመድረስ በጅራቱ ስር ጎንበስ ብሎ ማለፍ ነበር። እናቴ በቪዲዮ ስታየው መጀመሪያ ያለችኝ «ልጄ፣ ተሠርቶ ያለቀ አጥተህ ነው?» የሚል ነው።

ወዳጆቼ ቡና ሊጠጡ ሲመጡ «አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉኝ ነበር። በእግሩ ይሄዳል እንጂ ይበራል አልተባለም እላቸዋለሁ።

ኪት ሲባል ቀላል ይመስላል። የአሉሚኒየሙ ቆርቆሮ ተቆርጦ፣ ቀዳዳው በኮምፒውተር ማሽን ተበስቶ ነው የሚመጣው። እውነት ነው፣ ድሮ በሥዕል ብቻ ከሚሠሩት ጋር ሲተያይ ይህ ሽርሽር ነው። ግን እንዲህ ዓይነት አውሮፕላን ላይ ከ10,000 በላይ ሪቬት፣ ቆርቆሮውን የሚያያይዝ ትንሽ ምስማር፣ አለ። እያንዳንዱን የሚመታ ሰው ያስፈልጋል። እንዲያውም ሁለት ሰው።

እኔ በውጭ በኩል የአየር መምቻውን ይዣለሁ። ባለቤቴ በውስጥ በኩል እጇን እስከ ትከሻዋ አስገብታ ባኪንግ ባር የምንለውን ድፍን ብረት የሪቬቱ ጭራ ላይ ትደግፋለች። «ያዝኩ» ትላለች። እመታለሁ። ጭራው በብረቱ ላይ ይጨፈለቃል። ከዚያ በእጅ ባትሪ ታየዋለች። አብዛኛው ሪቬት ውፍረቱ 3/32 ኢንች ነው። የተጨፈለቀው ጭራ ስፋቱ የውፍረቱን አንድ ተኩል፣ ከፍታው የውፍረቱን ግማሽ መሆን አለበት። ከፍ ካለ ገና ነው። ከሚገባው በላይ ከጠፈጠፈ ተጎድቷል። ካጋደለ በመሰርሰሪያ ይወጣና እንደገና ይመታል፤ ያውም ቀዳዳውን ሳያሰፉ። ባለቤቴ የሂሳብ ሠራተኛ ናት። አሁን አሁን ሪቬት አይታ የምትሰጠው ፍርድ ከብዙ ጀማሪ መካኒክ ይበልጣል። «ይሄ አይሆንም» ካለች አይሆንም። ተከራክሬ አሸንፌ አላውቅም።

እዚህ ላይ ሁሉም ነገር በሥዕሉ መሠረት ነበር። የሃንጋር ልማዴ ስላልተነካ ተመችቶኝ ነበር። ጣጣው የመጣው ሞተር ጋ ስንደርስ ነው።

## ትንሽ ጉልበት ቢጨመርበትስ

ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 5,280 ጫማ ላይ ናት፤ ልክ አንድ ማይል። ቦሌ ደግሞ ከ7,600 ጫማ በላይ ነው። የሳሳ አየር ለእኔ ብርቅ አይደለም። አየር ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው የፒስተን ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ፕሮፔለሩና ክንፉም የሚይዙት ያንኑ አየር ስለሆነ አብረው ይደክማሉ። ከዴንቨር በስተደቡብ ያለው የሴንቴኒያል አየር ማረፊያ ከፍታው 5,885 ጫማ ነው። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሲገባ አየሩ 9,000 ጫማ ላይ ካለው አየር ይብሳል። 160 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ሞተር እዚያ ላይ የሚሰጥህ 115 ገደማ ነው።

የኪቱ ዲዛይነር ደግሞ ከ160 በላይ አትጫኑበት ይላል። በጽሑፍ፣ በግልጽ።

እኔ ግን 180 አማረኝ። ሁለቱም ሞተሮች ላይካሚንግ ናቸው፤ አራት ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዙ። የአንዱ ይዘት 320 ኪዩቢክ ኢንች፣ የሌላው 360። ጎን ለጎን ቢቆሙ ሙያውን የማያውቅ ሰው አይለያቸውም። የክብደታቸው ልዩነት የሚያስፈራ አይደለም። አንድ የማውቀው ሰው 180ውን በደህና ዋጋ ሊሸጥልኝ ነበር። እንዲህ ያደረጉ ሰዎችም አሉ፤ ሲበሩም አይቻለሁ። ደግሞ የቦሌ ልጅ ነኝ። አየር በሳሳበት አገር ጉልበት ተርፎት ያማረረ አብራሪ አላውቅም።

ደወልኩ። ሰውዬው ሁሉንም ከሰማኝ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ጉልበቱን የፈለግከው ለመውጣት ነው ወይስ ለመፍጠን?»

«ለመውጣት ነው» አልኩ። እውነቴን ነው።

«ከወጣህ በኋላስ? ትመልሰዋለህ?»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

እስኪ ይህን ልፍታው፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና። የዚህች አውሮፕላን ቀይ መስመር በሰዓት 210 ማይል ነው። ከዚያ በላይ አይታለፍም። የፍጥነት መለኪያው ግን በቀጥታ ፍጥነት አያነብም፤ የሚያነበው ከፊት የሚመጣውን አየር ግፊት ነው። አየር ሲሳሳ ግፊቱም ያንሳል። ስለዚህ 10,000 ጫማ ላይ መለኪያው 180 ሲያሳይህ አውሮፕላኑ አየሩን እየሰነጠቀ ያለው በ209 ማይል ነው። መርፌው ከቀይ መስመሩ ገና 30 ማይል ይቀረዋል። አንተም መርፌውን አይተህ ተረጋግተህ ተቀምጠሃል።

መካኒኮች ፍላተር የምንለው ነገር አለ። የክንፉ ወይም የጅራቱ መሪ መርገብገብ ይጀምራል። መርገብገቡ ራሱን እየመገበ ያድግና በሴኮንዶች ውስጥ ብረት ሊገነጥል ይችላል። የዚህ ኪት ዲዛይነር ቀይ መስመሩን ያሰመረው በእውነተኛው ፍጥነት ነው። 160ው ሞተር አፍንጫው ቀጥ ብሎ እስከበረ ድረስ እዚያ መስመር ላይ አይደርስም። ጉልበቱ አይፈቅድለትም። 180ው ይጠጋዋል። አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ ካደረግክለት ደግሞ፣ ቁልቁለት አግኝቶ፣ ሳታውቀው ያልፈዋል።

እና «ከ160 አትለፉ» የሚለው ቁጥር ሲያዩት ስለ ሞተር የተጻፈ ይመስላል። የተጻፈው ስለ ጅራት ነው።

ይህን ሲያስረዳኝ አንድ ነገር ከበደኝ። እኔ ይህንን ሁሉ ለየብቻው አውቀዋለሁ። ግፊትና ፍጥነት እንደሚለያይ አውቃለሁ። ፍላተር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሞተሩን ፈትቼ እገጥመዋለሁ። ሦስቱ አንድ ቁጥር ውስጥ ተጠቅልለው መቀመጣቸው ነው ያልታየኝ። ማንዋል የመልስ መጽሐፍ ነው። ጥያቄዎቹ አልተጻፉበትም። ዲዛይነሩ ጥያቄውን ከዓመታት በፊት ጠይቆ፣ ተጨንቆ፣ ሞክሮ፣ «160» ብሎ ጽፎ ሄደ። እኔ ቁጥሩን ስሰርዝ ጥያቄው ተነስቶ ወደኔ ይመጣል። ምን እንደነበር ካላወቅኩ ደግሞ መምጣቱንም አላውቅም።

## የዘፋኙ ቫልቭ

ያን ሰሞን ሥራ ላይ ሆኜም የማስበው ስለ አሜሪካዊው ዘፋኝ ጆን ዴንቨር ነበር። ስሙን የወሰደው ከምኖርበት ከተማ ነው፤ የተወለደበት ስም ሌላ ነው። አብራሪ ነበር፣ በደንብ የሚያውቅ። (ቀኑንም ዓመቱንም እንደ ፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ጥቅምት 12 ቀን 1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሞንቴሬ ተነስቶ ፓስፊክ ግሮቭ አጠገብ ባሕር ላይ ወድቆ ሞተ። የበረረው ሎንግ-ኢዚ በምትባል፣ ሰው ቤቱ በሠራት አውሮፕላን ነው። እሱ አልሠራትም። ከገዛት ገና መቆየቱም አልነበረም።

የሎንግ-ኢዚ ዲዛይነር በርት ሩታን ነው። በእሱ ሥዕል ላይ የነዳጅ መቀየሪያው ቫልቭ ያለው በአብራሪው ሁለት እግሮች መሃል ነው። ይህችን አውሮፕላን የሠራው ሰው ግን ቫልቩን ወደ ኋላ ወሰደው፤ ከአብራሪው ግራ ትከሻ ጀርባ። ለምን? ነዳጅ የሚሸከም ቱቦ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል እንዳይገባ ፈልጎ። አስቡት፣ የሞኝ ሐሳብ አይደለም። ቢወድቅ እሳት ይቀንሳል። ስሜት ይሰጣል። ሃንጋር ውስጥ ሻይ ላይ ቢነሳ ግማሻችን «ልክ ነው» እንላለን።

ቫልቩ ላይ የቱ ታንክ የት እንደሆነ ምልክት አልነበረውም። እሱን ለመያዝ ማሰሪያ አላልቶ፣ ወደ ኋላ ዞሮ፣ በማይመች እጅ ማዞር ነው። ከመነሳቱ በፊት ከአንድ መካኒክ ጋር ስለዚሁ ተነጋግረዋል። እጀታውን ለማስረዘም በመቆንጠጫ ሞክረው ነበር፤ አልሠራም። ከኋላው ያለውን የነዳጅ መጠን እንዲያይበት መካኒኩ መስታወት ሰጠው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርምሮ ያለው፣ አብራሪው ቫልቩን ለማዞር ሲጣጣር አውሮፕላኑን መቆጣጠር እንዳቃተው ነው። የነዳጁን ማነስና የዝግጅቱን መጓደልም ጠቅሷል። ሠሪው ቫልቩን እዚያ ማድረጉንም እንዲሁ።

እኔን የያዘኝ ሠሪው ነው። አንድ ጥያቄ መልሷል፤ ስለ እሳት። ሩታን ግን ቫልቩን እግር መሃል ሲያስቀምጥ ሌላ ጥያቄ እየመለሰ ነበር፤ ሞተር ሲያንቋርር እጅ የት ይደርሳል የሚል። ሠሪው ምናልባት ለራሱ ችግር አልነበረበትም። ረዥም እጅ ሊኖረው ይችላል፤ ቫልቩን በእንቅልፍ ልቡም ያውቀዋል፤ የእጁ ሥራ ነው። አውሮፕላኑ ግን ተሸጠ። የገዛው ሰው መልሱን ብቻ ነው የተረከበው።

«የራሴ አውሮፕላን ነው፣ አደጋውም የራሴ ነው» የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ አይዋጥልኝም። ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ፣ እኔም ብዬዋለሁ። አውሮፕላን ከሠሪው በላይ ይኖራል። አንድ ቀን የማላውቀው ሰው ከልጁ ጋር ተቀምጦበት ሴንቴኒያል ላይ ጉልበት ይሰጣል። ያ ሰው ማታ እንቅልፍ የሚወስደው እኔን ተማምኖ ነው።

## ጋሼ ምን አሉ

ጋሼ የምላቸው አንድ ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ፤ እዚሁ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ነው የሚኖሩት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአንድ ዘመን «እሸት» ብሎ የገጣጠማትን የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን ሲሠሩ ከነበሩት አንዱ ናቸው። ማለትም ሳጥን ከፍቶ አውሮፕላን ማውጣትን ከኔ በፊት ያውቁታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ አሉ። ነገርኳቸው።

«ምን ጎደላት ብለህ ነው?» አሉኝ።

«ጉልበት ነዋ ጋሼ።»

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አሉ። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ክንፉን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ያቺ እሸት ላይ አንዲት ብሎን ከራሳችን አላዋጣንም። እንዲያ ነው የተማርነው።»

ተከራከርኳቸው። ጋሼን መከራከር ደስ ይለኛል፣ አይቀየሙም። ሰው ባይቀይር ኖሮ ሩታን ራሱ የት ይገኝ ነበር አልኳቸው። ሞተሩን ከኋላ፣ የጅራቱን ክንፍ ከፊት ያደረገ ሰው እኮ ነው። ፖል ፖበረዝኒ በ1953 ሚልዋኪ ላይ አውሮፕላን በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎችን ማኅበር ሲያቋቁም ያሰባሰባቸው ማንዋል የጠበባቸውን ሰዎች ነው። ዛሬ በየዓመቱ ኦሽኮሽ ከተማ፣ የማኅበሩ የአውሮፕላን ትርኢት ላይ የሚሰበሰበው ሕዝብ የነሱ ልጅ ነው። እኛም ጋ አስመላሽ ዘፈሩን ታስታውሱታላችሁ፤ የጤና ባለሙያው፣ ከመጽሐፍና ከዩቲዩብ ተምሮ የፎልክስዋገን ሞተር የገጠመላትን አውሮፕላን በ2015 ሜዳ ላይ ያወጣው። እሱ ኪትም አልነበረው። እያንዳንዱን ጥያቄ ራሱ መጠየቅ ነበረበት። አልተሳካለትም ብለው የሚስቁበት ሰዎች ያናድዱኛል። አንድም ሪቬት መትተው አያውቁም።

ጋሼ ሁሉንም ሰሙኝ። «እሱ አልቸገረውም?» አሉ። «ልጁ ቸግሮት ነው። ሌላ መንገድ የለውማ። አንተ ግን ሳጥን ሙሉ መልስ ገዝተህ መጣህ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሏት በራሷ አሳጠረች አሉ።»

መልስ አልነበረኝም። ቡናው ሦስተኛ ላይ ደርሶ ነበር።

በነገራችን ላይ ጋሼን ሙሉ በሙሉ አልተቀበልኳቸውም። አሁንም አልቀበልም። «አትንካ» ለሃንጋር ነው፤ 200 ሰው የሚያሳፍር ጄት ላይ እኔም አልነካም። ቤትህ በሠራኸው ላይ ግን መቀየር ክልክል ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ ቆርቆሮ መግጠም ብቻ ነው። እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ዲዛይነሩ ለምን እንዲህ እንዳደረገ በራሴ አፍ መናገር እስከቻልኩ ድረስ እቀይራለሁ። መናገር ካልቻልኩ እጄን እሰበስባለሁ። 180ውን ለባለቤቱ ተውኩለት።

## ባትሪዋ ተሰደደች

160ው ሞተር ገባ። ቋሚ ፕሮፔለር መግጠም ስችል ግን ምላጩ ማዕዘኑን የሚቀያይረውን ዓይነት ገዛሁ። ኪቱ ይፈቅደዋል። ሲነሳ ምላጩ ሳሳ ያለ ንክሻ ይይዛል፤ ሞተሩ ሙሉ ዙሩን ያገኛል፤ ያለውን ጉልበት ሁሉ ሽቅብ ያወጣዋል። ሰውዬው «ለመውጣት ነው ወይስ ለመፍጠን?» ያለኝን የመለሰልኝ ይሄ ነው። ኪሴ ግን አልተደሰተም። ባለቤቴም ደረሰኙን አይታ ለጥቂት ቀን «ያዝኩ» የምትለው በቁጣ ነበር።

ነገር ነገርን ያነሳዋል። ይሄ ፕሮፔለር ከቋሚው ወደ ሃያ ፓውንድ ገደማ ይከብዳል፤ ያውም አፍንጫ ላይ። አውሮፕላኗ ወደ ፊት ታጋድላለች። ወደ ፊት ያጋደለች አውሮፕላን ስታርፍ አፍንጫዋን ቀና ለማድረግ ታስቸግራለች። መፍትሔው ከፊት የሆነ ነገር አንስቶ ወደ ኋላ መውሰድ ነው። ሊነሳ የሚችለው ባትሪው ነው። በሥዕሉ ላይ ባትሪው ሞተሩ አጠገብ ነው ያለው። እኔ ከሻንጣ ማስቀመጫው ጀርባ ወሰድኩት።

ከመውሰዴ በፊት ግን ቁጭ ብዬ ጥያቄውን ፈለግኩ። ባትሪው ሞተሩ አጠገብ የተደረገው ለምንድነው? አንደኛው መልስ ኬብል ነው። ከባትሪ እስከ ማስነሻው ሞተር ስንዝር ቢሆን ቀጭን ይበቃል። አውሮፕላኑን ሙሉ የሚያቋርጥ ከሆነ ወፍራም መዳብ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በብርድ ጠዋት ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ይቀራል። ወፍራም መዳብ ደግሞ ይከብዳል፤ ከፊት ካነሳሁት ላይ የተወሰነውን መልሶ ይወስድብኛል። ሁለተኛው መልስ እስክፈልገው ድረስ የተደበቀ ነበር። ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ስታጠፋ ኤሌክትሪኩን ከባትሪው የሚቆርጥ፣ ማስተር ኮንታክተር የሚባል ነገር አለ። እሱን ከፊት ትቼ ባትሪውን ብቻ ወደ ኋላ ብወስድ፣ ሁሉን ባጠፋም እንኳ ከሁለት ሰው ወንበር ስር የሚያልፍ፣ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ኬብል ይኖረኛል። አደጋ ቢደርስ፣ ነዳጅ ቢፈስ፣ የሚያጠፋው የለም። በሥዕሉ ላይ ይህ ጥያቄ አይነሳም፤ ኬብሉ ስንዝር ነዋ። እኔ ስቀይር ነው የተወለደው። ኮንታክተሩም ከባትሪው ጋር ወደ ኋላ ሄደ። ኬብሉ ቀዳዳ የሚያልፍበት ሁሉ ላስቲክ ገባለት።

ይህን ሁሉ በአንድ ደብተር ጽፌዋለሁ፤ በእንግሊዝኛ፣ ለማላውቀው ሰው። ምን ቀየርኩ። ለምን። በሥዕሉ ላይ ያለው ምን ይጠብቅ ነበር። እኔ በምን ተካሁት። በየዓመቱ ምርመራ ላይ የት ይታይ። ሕጉ ይህን ያህል አያስገድድም። ደብተሩ ከአውሮፕላኗ ጋር ይሸጣል ብዬ ወስኛለሁ።

የሚዛኑን ቀን ግን በደንብ ልንገራችሁ፣ ደስ የሚል ቀን ነበር። ክንፎቹን በኪራይ ሃንጋር ውስጥ ገጥመን ጨርሰናል። ሦስቱም ጎማዎች ስር ሦስት ሚዛን ገባ። አውሮፕላኗ ውኃ ልክ እንድትቆም ጎማ አነፈስን፣ ጣውላ ጨመርን። በር ተዘጋ፤ ንፋስ ሚዛን ያጭበረብራል። እኔ አነባለሁ፣ ባለቤቴ ትጽፋለች። የእያንዳንዱ ጎማ ክብደት ከመነሻው መስመር ባለው ርቀት ይባዛል፣ ይደመራል፣ ለጠቅላላው ክብደት ይካፈላል። የሚወጣው ቁጥር አውሮፕላኗ በአንድ ጣት ብትንጠለጠል ሚዛኗን የምትጠብቅበት ቦታ ነው። ከዚያ በወረቀት ሰው ይጨመራል፣ ነዳጅ ይቀነሳል፣ ሻንጣ ይሞላል። ሁለት ወፍራም ሰው፣ ሻንጣ ባዶ። አንድ ቀጭን ሰው፣ ሻንጣ ሙሉ፣ ነዳጅ ያለቀ። ባለቤቴ ከቢሮዋ ባመጣችው ካልኩሌተር ሁሉንም ሠርታ፣ ከስር በቀይ አስምራ፣ «ገብቷል» አለች። በተፈቀደው ወሰን ውስጥ፣ በሁሉም። ባትሪውን እዚያው ፊት ብንተወው ኖሮ ብላ ደግሞ ሳልጠይቃት ሠራች። በአንዳንዱ ስሌት ላይ ወደ ፊት ከወሰኑ ይወጣ ነበር።

አሁን የቀረው ወረቀት ነው። ኢንስፔክተሩ ሊመጣ ቀጠሮ ይዟል። ሞተሩና ፕሮፔለሩ አብረው የተፈቀደላቸው ጥንድ ስለሆኑ የሙከራ በረራው 25 ሰዓት ነው፤ ባይሆኑ ኖሮ 40 ነበር። በተወሰነ ክልል፣ ያለ ተሳፋሪ። በሩ አጠገብ «ኤክስፐሪሜንታል» (የሙከራ) ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። እሳት የማይበላው ትንሽ የብረት ሰሌዳም አለ፤ የአምራቹ ስም የሚቀረጽበት። አሜሪካኖቹ የቤተሰብ ስም ይላሉ፣ ለእኛ የአባት ስም ነው። ስለዚህ መኪና እንኳ ነድቶ የማያውቀው አባቴ በአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ላይ የአውሮፕላን ፋብሪካ ሊሆን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ለካቢኑ የሚለጠፈው ጽሑፍ ደረሰ። ሕጉ ያዘዘው ነው። ተሳፋሪው እንዲያየው ሆኖ ይለጠፋል፦ ማስጠንቀቂያ ለተሳፋሪ፣ ይህ አውሮፕላን በአማተር የተሠራ ነው፣ ለመደበኛ አውሮፕላኖች የወጣውን የፌዴራል ደህንነት ደንብ አያሟላም። ባለቤቴ ተቀብላኝ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ተሳፋሪ ማን ነው?» አለች።

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ?» መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «ከሪቬቱ ጀርባ እጇን አስገብታ የከረመችው ማን ሆነችና ነው? ያ ብረት ላይ የእኔም አባት ስም ይጻፍ።»

ሰሌዳዋ ገና አልተቀረጸችም። ቦታው ለሁለት ስም ይበቃ እንደሆነ ሰኞ ቀራጩ ጋ እደውላለሁ።